ከላይ ቤት የሚወርደው ውሃ የጣሪያዬን ልስን አረገፈው፤ ማን ነው የሚያሠራው?

የሦስተኛ ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ የራሴ ነው፣ ዕጣ የደረሰኝ። ከክረምት በፊት መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ቡኒ ነጥብ ታየች። አሁን የትሪ ያህል ሆናለች። ልስኑ ተነፋ፣ ከዚያ ባለፈው ሳምንት ረግፎ ልጄ ፊቷን የምትታጠብበት ሲንክ ውስጥ ወደቀ። ያን ሰዓት ልጅቷ እዚያ ባለመኖሯ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ከላይ ያሉት አባወራ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ተጣልተን አናውቅም። ሄጄ ስነግራቸው ግን «የእኔ ቤት ደረቅ ነው፣ ቱቦው የጋራ ነው፣ ኮሚቴውን ጠይቂ» አሉኝ። ኮሚቴውን ስጠይቅ ደግሞ «ይሄ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፣ ማኅበሩ አያገባውም» አሉ። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ባልዲ ደቅኜ ነው የምተኛው።

ጥያቄዬ፦ ደንቡ ምን ይላል? ቤቱን የማደስ ግዴታ ያለበት ማን ነው? አንዷ ጎረቤቴ ደንብ አስከባሪ ጋ ሂጂ አለችኝ፣ ይሠራል?

ሳኒተሪ ነኝ

እህቴ፣ ከሕጉ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። ይሄ ሳይታወቅ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ሰዎች ሲጨቃጨቁ ከርመው ቱቦው ሲከፈት ሌላ ነገር ሲገኝ ነው።

ውሃ ከላይ ቤት ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ነው። እሱ ከተበሳ ሌት ተቀን ይንጠባጠባል፣ ማንም ባይታጠብም። ይህን ለማወቅ ከላይ ያሉት ሰውዬ ቤት ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ የሽንት ቤቱ ፍላሽም ይዘጋ፣ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጎማ እዩ። ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ካልዞረች ቆሻሻ ውሃ ወደሚወጣበት ቱቦ እንሄዳለን። እሱ የሚያፈሰው ሲጠቀሙበት ብቻ ነው፤ ሰው ሻወር ወሰደ፣ ትንሽ ቆይቶ አንቺ ቤት ጠብ ጠብ አለ ማለት ነው። ሦስተኛው የወለሉ ሴራሚክ ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ (ፉጋው) ተቦርቡሮ ወይም በሲፎኑ ዙሪያ ክፍተት ተፈጥሮ ውሃው ከሴራሚኩ ሥር ይገባል። ይሄኛው በጣም ቀስ ይላል። ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ ኮንክሪት፣ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው ወደ ታች የሚለቀው፣ ስለዚህ ሰውዬው «ዛሬ አልታጠብኩም እኮ» ሲሉሽ እውነታቸውን ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። የሻወሩን ሲፎን በጨርቅና በፕላስቲክ እደፍናለሁ፣ ወለሉ ላይ ጣት የሚያሰጥም ውሃ እሞላለሁ፣ ውሃው ውስጥ ለኬክ የሚሆን ቀይ ቀለም እጨምራለሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ታች ቤት ቀይ ከወረደ ነገሩ አለቀ፣ ወለሉ ነው። ካልወረደ ሲፎኑን እለቅና ቱቦውን እፈትሻለሁ። ሁለታችሁም ባላችሁበት ይደረግ፣ በኋላ ላይ ማንም አይክድም።

አደራ፣ ምንጩ ሳይዘጋና ሶሌታው ሳይደርቅ ጣሪያሽን አታስለስኚ፣ ቀለምም አታስቀቢ። ገንዘብሽ ነው የሚረግፈው።

ሕግ ነክ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ ሕጉም የሚሠራው ምንጩ ከታወቀ በኋላ ነው።

የጋራ ሕንፃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ሕንፃውን ለሁለት ይከፍለዋል። በተናጠል የተያዘ ቤት አለ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ የጋራ መጠቀሚያ ነው። ደረጃ፣ ጣሪያ፣ ኮሪደር፣ ግቢ፣ ሁሉንም ቤቶች የሚያገለግል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ቱቦ የጋራ ነው። አንድ ቤት ብቻ የሚያገለግለው ቅርንጫፍ ቱቦ፣ ሲፎን፣ ሴራሚክ፣ ሲንክ የዚያ ቤት ባለቤት ነው። ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ በማኅበሩ መግለጫና በፕላኑ ላይ መጻፍ አለበት፣ ኮሚቴውን አምጡ በያቸው። የማየት መብት አለሽ፣ አባል ነሽና።

ስለዚህ ያፈሰሰው ዋናው ቱቦ ከሆነ ማኅበሩ ያሠራል። የሰውዬው ወለል ወይም ቅርንጫፍ ቱቦ ከሆነ እሳቸው ያሠራሉ፣ ያንቺንም ልስን ይመልሳሉ። ኮሚቴው ሳያጣራ «አያገባንም» ሊል አይችልም።

ሌላው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1225 ማንም ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳትና ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል። አንቀጽ 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መልስ አያድንም። 2079ም አለ፤ የሌላ ሰው ሕንፃ አደጋ ያሠጋው ሰው ጉዳቱ ሳይደርስ በፊት ባለቤቱ አስፈላጊውን እንዲያደርግ መጠየቅ ይችላል። ልስኑ ልጅ ላይ እስኪወድቅ መጠበቅ የለብሽም።

ደንብ አስከባሪ ቤት ውስጥ በሚንጠባጠብ ውሃ ላይ አይዳኝም። የእነሱ ሥራ ሕገወጥ ግንባታ፣ ቆሻሻ መጣል፣ ፍሳሽ ወደ መንገድ መልቀቅ የመሳሰለው ነው። ያንቺ ጉዳይ መጀመሪያ በጽሑፍ ለሰውዬውና ለማኅበሩ ይሄዳል፣ ቀን ያለው ደብዳቤ፣ ፎቶ ተያይዞ። ካልተቻለ ሽማግሌ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ፍርድ ቤት ሄደሽ ደብዳቤና ፎቶ ከሌለሽ ግን ትቸገሪያለሽ።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ

እኔ ስለ ኮሚቴው ትንሽ ልናገር። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ነገሩ የሚገባኝ ከዚያ በኩል ነው።

ኮሚቴው «አያገባንም» የሚለው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። ካዝናው ባዶ ስለሆነ ነው። በእኛ ብሎክ የወር መዋጮው ቤቱ ሲታደል የተወሰነው ነበር፣ ዘበኛና የደረጃ መብራት እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ይጨመር ሲባል ስብሰባው ይረበሻል። እድር ላይ አንድ ቀን የማይዘገይ ሰው የማኅበሩን መዋጮ ግማሽ ዓመት ያሳድራል። ምድር ቤት ያሉት «እኛ ደረጃ አንወጣም፣ ጣሪያውም አይነካንም» ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያሉት «ማንሆሉ የሚገነፍለው ታች ነው፣ እነሱ ያስመጥጡ» ይላሉ። እህ! ሽንት ቤቱን የሚጠቀመው ግን ሁሉም ነው።

አንድ ክረምት መጣጭ መኪና ለማስመጣት ቤት ለቤት ዞረን ነው ያዋጣነው። እስኪዋጣ ድረስ ፍሳሹ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ወጥቶ ነበር። ማንሆሉ ሲከፈት የወጣውን አልነግራችሁም፣ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ ዳይፐር፣ የረጋ ዘይት። ሰው ምግብ የጠበሰበትን ዘይት ሲንክ ላይ ይደፋዋል፣ ቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ እንደ ሻማ ይጋገራል። ይህን የሚከለክል መመሪያ በየብሎኩ በር ላይ ቢለጠፍ ግማሽ ወጪ ይቀር ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ኮሚቴውን ስትወቅሺ መዋጮ ይጨመር የሚለውን ድምፅም አንቺ ራስሽ ስብሰባ ላይ ስጪ።

የሦስተኛ ፎቅ

@የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ተቀብያለሁ። መዋጮዬን አሳድሬ አላውቅም። ይጨመር ከተባለም እጄን አወጣለሁ። ግን ገቢና ወጪው ይነገረን፣ ሰው የሚቆጣው ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ስለማያውቅ ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ

ትክክል ነሽ። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ወረቀት መግቢያው ላይ መለጠፍ ይበቃል። እኛ እሱን ከጀመርን በኋላ የሚከፍለው ሰው ጨምሯል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለኝ ኮንዶሚኒየም ተከራይቷል። እውነቱን ለመናገር መዋጮ የማይከፍሉት አብዛኞቹ እንደኔ ውጭ ያለን ሰዎች ነን ሲባል ያመኛል፣ ግን ውሸት አይደለም። ውክልና የሰጠነው ሰው ኪራዩን ይቀበላል፣ ስለ ማኅበሩ ማንም አይነግረውም፣ ተከራዩም «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። ወንድሞቼ፣ ውክልናው ላይ ስለ ማኅበር መዋጮና ስለ ጥገና አንድ መስመር አስገቡ። እኔ አስገብቻለሁ።

እዚህ የኮንዶ ክፍያ ካልከፈልክ ማኅበሩ ቤትህ ላይ ዕዳ ያስመዘግባል። ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ ማኅበራት ጣሪያው፣ ቱቦው፣ ሊፍቱ መቼ እንደሚያረጅና ምን ያህል እንደሚያስፈልገው በባለሙያ አስጠንተው ለዚያ ገንዘብ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ክፍያው ሲጨምር ሐበሻውም ፈረንጁም ያማርራል። ግን ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በፈረንጆቹ ሰኔ 2021 ሌሊት ላይ የ12 ፎቅ ኮንዶ ግማሹ ፈርሶ 98 ሰው ሞተ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሐንዲስ ጽፎላቸው ነበር። የመዋኛው አካባቢ ወለል ውሃ ወደ ማውረጃው እንዲሄድ ዘንበል ተደርጎ አልተሠራም፣ ውሃ መከላከያው አልቋል፣ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ተጎድቷል ብሎ። ነዋሪው ስለ ጥገናው ወጪ ሲከራከር ነበር፣ ወጪው 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የመፍረሱ ምክንያት ብዙ ነገር ነው፣ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ግን የሚያፈስ ውሃን ለነገ ማሳደር ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ምን ልበል።

መሐንዲስ

ሰው እንዳይደነግጥ ትንሽ ላብራራ። የእኛ ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ምድርና አራት ፎቅ ናቸው፣ ጭነቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም (ቋሚና አግዳሚ የኮንክሪት ምሰሶዎች) ናቸው፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ የውስጥ መከፋፈያው ደግሞ አንዳንድ ቦታ አግሮስቶን። አንድ መታጠቢያ ቤት ስላፈሰሰ ሕንፃ አይወድቅም።

ግን ውሃ ሶሌታው ውስጥ ዓመታት ከቆየ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ጋ ይደርሳል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት ገፍቶ ይጥለዋል። እህታችን፣ ልስኑ የረገፈበትን ቦታ በእጅ ባትሪ እዪው። የሚታየው ግራጫ ኮንክሪት ብቻ ከሆነ ደኅና ነው። የዛገ ብረት ከታየ ወይም በፌሮው አቅጣጫ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለ ባለሙያ ይየው፣ ልስን ብቻ ለጥፋችሁ አትለፉት።

ከውሃው በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሰው ቤቱን ሲያሰፋ የሚያደርገው ነው። ሳሎን ሰፊ ይሁን ብሎ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ከዚያ ቢሙ ዝቅ ብሎብኛል ብሎ ይጠርበዋል! ምድር ቤት ያለው ሱቅ መስኮቱን በር ለማድረግ ኮለኑን ይነካል። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ሕንፃ ለመሥራት ብቻ አይደለም፣ ለመለወጥ፣ ለማስፋት፣ ለማፍረስ፣ አገልግሎቱን ለመቀየርም ፈቃድ ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤትን ጸጉር ቤት ማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ነው። የሕንፃ ሹም የሚባለው ሰው በወረዳና በክፍለ ከተማ ያለው ለዚህ ነው፣ ሕንፃው ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ባለቤቱ እንዲጠግን ማዘዝም ይችላል። ጎረቤታችሁ ቢም ሲጠርብ ድምፁን ከሰማችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ ሄዳችሁ ተናገሩ።

አራተኛ ፎቅ ነን

ስለ ጣሪያም ይነሣ እንጂ። እኛ አራተኛ ፎቅ ያለን ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ኮርኒሳችን ይበሰብሳል። ምክንያቱን አንድ ቀን ወጥቼ አየሁት። እያንዳንዱ ቤት ዲሽ ሊያስተክል ሰው ይልካል፣ ልጁ ቆርቆሮው ላይ እንደፈለገ ይረግጣል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ አንዳንዱም ቆርቆሮውን በስቶ ነው ገመድ የሚያሳልፈው። አሸንዳው ደግሞ በቅጠልና በፕላስቲክ ከረጢት ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ግንቦት ላይ አሸንዳ ማስጠረግ ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኛ አሁን የጣሪያውን በር ቆልፈን ቁልፉ ኮሚቴ ጋ ሆኗል፣ ዲሽ የሚተክል ሰው ተፈርሞ ይገባል። ጣሪያው የጋራ ነው ከተባለ እንዲህ መጠበቅ አለበት።

የብሎክ 9 እናት

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ጥሩ ነገር እየጻፋችሁ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በግቢያችን የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቶልናል፣ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ለበዓል በግ ማረጃ። በእኛ ግቢ የእሱ ግማሽ ተቆልፎ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በረንዳው ላይ በግ ያርዳል፣ ደሙ በአሸንዳ ወርዶ ታች ቤት ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። በርበሬ ደረጃ ላይ ይሰጣል፣ አስም ያለበት ሰው ማለፍ አቃተው። ሰውን ደንብ አላከበርክም ከማለት በፊት ቤቱ ለተሠራለት ሥራ ይከፈት። እኛ እናቶች ተሰብስበን አስከፍተነዋል፣ ጽዳቱን በተራ ነው የምናደርገው። አሁን ደረጃ ላይ በርበሬ የሚያሰጣ የለም።

ሱቅ ያለኝ

ምድር ቤት ሱቅ አለኝ፣ ስለ ኮለኑ የተባለው እውነት ነው፣ አንነካም። ግን እኛም ጥያቄ አለን። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ዋና መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ የፊት ገጽታውን አድስ፣ ቀለም ቀባ፣ መብራት አድርግ ይባላል። የእኛ ብሎክ የፊት ግድግዳ የሁሉም ነው፣ ወጪው ግን ሱቆቹ ላይ ብቻ ተጣለ። «የምትነግዱት እናንተ ናችሁ» ተባልን። ይሄ ተገቢ ነው?

ሕግ ነክ

@ሱቅ ያለኝ የውጭ ግድግዳው የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ ነው። ለጋራ ወጪ ሁሉም ቤት እንደ ድርሻው ነው የሚያዋጣው፣ ድርሻው መግለጫው ላይ አለ። የሱቁ ታፔላ፣ የሱቁ በርና መስታወት ግን የእናንተ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ኮሪደር ላይ ቆሞ የተወራ ውሳኔ አይባልም።

ተከራይ

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ተከራይ ነኝ፣ ከላይ እንደ እህታችን ያፈስብኛል። አከራዬ «ከፈለግሽ አሠሪው፣ ካልፈለግሽ ልቀቂ» አሉኝ። በራሴ አሠርቼ ከኪራይ ልቀንስ እችላለሁ?

ሕግ ነክ

@ተከራይ ዝም ብለሽ አትቀንሺ። ኪራይ አልከፈለችም ተብሎ ውል ለማፍረስ ምክንያት ይሆንባቸዋል። ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ መጠበቅ የአከራይ ግዴታ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ አለ። ተከራይ የሚሸከመው በአጠቃቀም የሚመጣውን ጥቃቅን ነገር ነው፣ የተሰበረ የበር እጀታ፣ የቧንቧ ጎሚኒ፣ እንዲህ ያለው። ከላይ የሚፈስ ውሃ ያንቺ አይደለም።

በጽሑፍ አሳውቂያቸው፣ ቀን ስጪያቸው። በራስሽ የምታሠሪ ከሆነ ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብልሽ መጀመሪያ አስፈርሚያቸው፣ ሁለት መስመር ወረቀት ትበቃለች። «ልቀቂ» የሚለውን ደግሞ አትፍሪ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ ይላል። ውልሽ ተመዝግቧል?

ተከራይ

አልተመዘገበም። ዋጋውን ዝቅ አድርገን እናስመዝግብ ሲሉ እኔ እምቢ ስላልኩ ቀረ።

ሕግ ነክ

ሳይመዘገብ መኖሩ ለሁለታችሁም መጥፎ ነው፣ ወረዳ ሄደሽ በትክክለኛው ዋጋ መመዝገብ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። የጥገናው ደብዳቤም በዚያው ይሂድ።

የሦስተኛ ፎቅ

እንዴት ናችሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ሳኒተሪው ወንድማችን እንዳሉት አደረግን። ከላይ ያሉት አባወራ፣ እኔ፣ አንድ የኮሚቴ አባልና ቧንቧ ሠራተኛ ሆነን ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ቆጣሪው አልዞረም። ቀዩን ቀለም ሞላን፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ስኒ ላይ እያለን የእኔ ጣሪያ ላይ ቀይ ነገር አቆረ። ከሲፎኑ ዙሪያ ነው። ሰውዬው ከሁለት ዓመት በፊት ሴራሚክ አስቀይረው ነበር፣ ሠራተኛው ሲፎኑን ከአዲሱ ሴራሚክ ጋር አላገናኘውም፣ ከሥሩ ባዶ ነው።

እሳቸው አንድ ቃል አልተከራከሩም። «በዓይኔ አየሁ፣ የእኔ ነው» አሉ። የወለሉን ያሠራሉ፣ የእኔንም ልስን ይከፍላሉ። ፌሮው አልታየም፣ መሐንዲሱ እንዳለው በባትሪ አይቼዋለሁ። ይህንኑ አንድ ገጽ ላይ ጽፈን እሳቸው፣ እኔና የኮሚቴው አባል ፈርመናል። ኮሚቴውም ይህን ፈተና ለሌሎች ቤቶች መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አድርጎ ለመያዝ ተስማምቷል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ወለሉ ከተሠራ በኋላ ጣሪያዬን መቼ ላስለስን?

ሳኒተሪ ነኝ

እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ እሳቸው ሴራሚኩን ሲያስነሱ ከሥሩ ውሃ መከላከያ ይቀባ፣ ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ወለሉም ወደ ሲፎኑ ዘንበል ይበል። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ሲፎኑ ተደፍኖ ውሃ ተሞልቶ ይደር። አንቺ ቤት ካልወረደ ይንጠፍ።

ያንቺን ጣሪያ የተነፋውን ልስን ሁሉ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሽ አስነሺው፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው አልያዘም ማለት ነው። ከዚያ መስኮት ከፍተሽ ተዪው። ለማወቅ ፕላስቲክ በፕላስተር ለጥፊበት፣ አድሮ ከውስጥ በኩል ካላበው ገና ነው፣ ደረቅ ከሆነ አስለስኚ። አሁን ክረምት ስለሆነ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ሠራተኛው «ዛሬ እንጨርሰው» ቢልሽም እሺ አትበይው።